አረፋ ጠባቂው ሳፋር

ሳፋር ዕድሜውን ሙሉ ጠላቂዎችን ሲያመላልስ የኖረ ካፒቴን ነው፤ አንድም ቀን ግን የአየር ሲሊንደር ጀርባው ላይ አዝሎ ውሃ ገብቶ አያውቅም። «ትንፋሹን ከብረት የሚበደር ሰው ባህር አየሁ አይበል» ይላል፣ ለዚያውም እንግዶቹ አጠገቡ ቆመው። ቋንቋውን ስለማያውቁ ፈገግ ይሉለታል። እሱ ያደገው እንደማንኛችንም የባጆ፣ የባህርተኛው ሕዝባችን፣ ልጅ በአንድ ትንፋሽ እየወረደ የባህር ኪያር የሚሉትን ለስላሳ የባህር ፍጥረት በመልቀም ነው። በዚያው ሥራ አንድ ጆሮው ፈንድቶ ቀርቷል። ስለዚህ ከሚወራው ግማሹን አይሰማም፤ ሚስቱ ሀሲያ ደግሞ ያ የማይሰማው ግማሽ ምንጊዜም የእሷ ድርሻ ነው እያለች ትማረራለች።

ሥራው አረፋ መጠበቅ ነው። እንግዶቹ ወርደው ኮራሉን፣ ያንን የባህር ውስጥ አለት፣ ሲዞሩ የሚተነፍሱት አየር እየተፍለቀለቀ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሳፋር ከጀልባዋ ፊት ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ የቅርንፉድ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ፣ ያንን አረፋ በዓይኑ ይከተላል። መሪውን የሚይዘው ባሶ ነው። ባሶ ከኋላ ሞተሩ አጠገብ ስለሚቆም ከፊት ያለውን አያይም፤ ሳፋር በእጁ ግራ ሲለው ወደ ግራ፣ ቀኝ ሲለው ወደ ቀኝ ያዞራል። ከየሚስቶቻቸው ይልቅ አብረው የዋሉት ሁለቱ ናቸው፤ ተኮራርፈው እንኳ ቢሆን ጀልባዋ መንገድ አትስትም።

በእኛ ሰርጥ አረፋ መጠበቅ የሽማግሌ መዝናኛ አይደለም። ከሰሜንም ከደቡብም የሚመጣው ባህር በደሴቶቹ መካከል ካልተላለፍኩ ብሎ ይገፋፋል። ጠዋት የተኛ ጅረት ከምሳ በፊት አብዶ ታገኘዋለህ። እንግዶቹም የሚመጡት ለዚሁ ነው። ጅረት ባለበት ሻርክ አለ፤ ክንፏን እንደ ነጠላ ዘርግታ የምታልፍ ማንታ የምትባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለች። እነሱ በገመድና በመንጠቆ የሞተ ኮራል ላይ ተይዘው፣ ውሃው እያርገበገባቸው ያንን ያያሉ፤ ሲወጡም በደስታ ይተቃቀፋሉ። ዓለምን አቋርጦ በውሃ ሊገፈተር የሚመጣ ሰው ነገር ለሳፋር እስከ ዛሬ አልገባውም። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው፤ የወሰዱትን መመለስ ግዴታ ነው።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ጀልባዋ ከወደቡ ሳትወጣ፣ አንዲት ንግግር አለችው። የምታስተረጉምለት ልጁ ሱርያኒ ናት።

«ከጓደኞቻችሁ ብትለዩ አትዋኙ። ይኼን ባህር ታግሎ ያሸነፈ የለም። ብርቱካንማውን ቱቦ ነፍታችሁ አቁሙ፣ ተቃቅፋችሁ ተንሳፈፉ፣ ጠብቁ። እኔ ነኝ እናንተን የማገኛችሁ እንጂ እናንተ እኔን አታገኙኝም።»

ያቺ ቱቦ ስትነፋ የሰው ቁመት ታህላለች፤ ከሩቅ የምትታየውም እሷ ብቻ ናት። የሳፋር ዓይን ከልምድ ብዛት ብርቱካንማ ነገር ከማዶ ደሴት ይለቅማል። የሀሲያን አዲስ ቀሚስ ግን ስትሰነብትበት እንኳ አላየላትም።

ሱርያኒን ሁላችንም ያኒ ነው የምንላት። እኛ ጋ ልጅ ዋና የሚማረው አባቱ ከታንኳ ሲወረውረው ነው። አባት ይወረውርና ቀስ እያለ ይቀዝፍበታል፤ ልጅ እያለቀሰ ይከተላል፤ እናት የቤቷ ደረጃ ላይ ቆማ ትራገማለች። ያኒም እንዲሁ ተወርውራ ነው የተማረችው። ውሃ ላይ ቀጥ ብላ እጇን ስትዘረጋለት ሳፋር ከታንኳው ሆኖ «ውሃ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ግንድ ነው፤ አንቺ ሰው ነሽ፣ ነይ» ይላት ነበር። መጣች። ከዚያ ወዲያ ማንም ጠብቃ አላየም። ከወንዶቹ ቀድማ ትወርዳለች፣ ከወንዶቹ ዘግይታ ትወጣለች። አድጋ የጠላቂዎች መሪ ስትሆን ከደሴታችን የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ነበረች። ጎረቤትም ዝም አላለም፤ ያንን የተጣበቀ ጥቁር ላስቲክ ለብሳ ከወንድ ጋር የምትውለውን ማን ያገባታል ተባለ። ሳፋር ይኼንን በደህናው ጆሮው ሰምቶ በደንቆሮው አሳለፈው። እንግዶቹ «ልጅህ ናት?» ብለው ሲጠይቁት ግን ትከሻው ሰፋ ይል ነበር።

ያን ቀን ያኒ አራት እንግዶች ይዛ ወረደች። ከኋላ ሆኖ የሚጠብቃቸው ረዳቷ ማርቲኑስ ነው፤ የተራራ አገር ልጅ ነው፣ ዋና የተማረው ጢም ካወጣ በኋላ ነው፣ ስለዚህም ባህርን እንደ አማት ያከብራል። ከእንግዶቹ አንዱ ዮስት የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። ጭንቅላቱ ከጀልባዋ ጣሪያ ጋር እየተጋጨ ስላስቸገረ ባሶ ገና ከጠዋቱ «ምሰሶው» የሚል ስም አውጥቶለታል። ያኒ እንደ ልማዷ ቀድማ ዘላ ጅረቱን ፈተሸች፤ ብቅ ብላም ደህና ነው አለች። ደህናም ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው።

ሳፋር የያዛትን ሲጋራ ሳይጨርስ የባህሩ ፊት ተለወጠ። ከኮራሉ በላይ ያለው ውሃ ዘይት እንደፈሰሰበት ልሙጥ ሆነ፤ ከዚያ እንደ ድስት ይንተከተክ ጀመር። ጅረቱ ከጊዜው ቀድሞ ዞሯል። አረፋውም ለሁለት ተከፈለ። ብዙው ወደ ሰላጤው በኩል ሄደ፤ ትንሹ ወደ ደቡብ፣ ወደ ክፍቱ ባህር አመራና ትንሽ ታይቶ ድርግም አለ። አረፋ እንደዚያ የሚጠፋው ውሃው ሰውን ከነትንፋሹ ቁልቁል ሲስበው ነው። ይህንን ሳፋርም ባሶም ያውቃሉ።

ለእንደዚህ ያለ ቀን ካፒቴኖች ሁሉ አንድ ደንብ አላቸው፤ ብዙውን ተከተል ነው። መሪዋ ያለችው ከብዙዎቹ ጋር ነው፤ የጎደለው ማን እንደሆነ የምትነግርህም እሷ ናት። ሳፋር በእጁ ለባሶ አመለከተው፣ ብዙውንም ተከተሉ። አልፈራም ማለት ሐሰት ይሆናል። ግን የፈራው ለእንግዳ ነበር።

ማርቲኑስና ሦስት እንግዶች ብቅ አሉ። ሳፋር ቆጠራቸው። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ እንደገና ቆጠረ።

«ያኒስ?»

ማርቲኑስ አፉ ላይ ያለውን መተንፈሻ አወጣና ወደ ካፒቴኑ ፊት ማየት አቃተው። «ዮስትን ውሃው ቁልቁል ወሰደው፣ ካፒቴን። መንጠቆው ተነቅሎበት ነው። እሷ ተከትላው ወረደች።»

ሳፋር ክው አለ። ሲጋራው ከከንፈሩ ወድቆ እግሩ ላይ ሲያርፍ አልተሰማውም። እንግዶቹን እጃቸውን እየያዘ የሚያወጣ እሱ ነበር፤ አሁን ግን ቆሞ ቀረ፣ ባሶ መሪውን ለቆ መጥቶ ጎተታቸው። በዚህ ባህር ላይ የጠፋ ሰው ስንቱን አግኝቷል፤ ለስንቷ የእንግዳ ሚስት «አይዞሽ፣ ይገኛል» ብሏል። አይዞሽ የምትለዋ ቃል ምን ያህል ባዶ እንደሆነች ያወቀው ገና ያን ጊዜ ነው።

ባሶ በሬዲዮ ለሌሎቹ ጀልባዎች ተናገረ። የእኛ ሰው ሌላው ቢቀር ይህ አለው፤ ሰው ጠፋ ከተባለ ምሳ የሚጨርስ ካፒቴን የለም። ከየኮራሉ ጀልባዎች እንግዶቻቸውን እየሰበሰቡ መጡ፤ የወደቡ ፈጣን ጀልባም ተነስቷል ተባለ። ሰርጡን ተከፋፍለው ወዲያና ወዲህ እያረሱ ፈለጉ። ለሳፋር የደረሰው ደቡቡ ነው፤ ማንም አልተከራከረውም። ማርቲኑስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀኙን ያያል። ሳፋር ከፊት ጫፍ ላይ ቆሞ ብርቱካንማ ፍለጋ ዓይኑን ያንከራትታል። ባህሩ ላይ የማይታይ ነገር የለም፤ ግንድ፣ የላስቲክ ጠርሙስ፣ የተበጠሰ መረብ፣ የኮኮናት ቅጠል፣ አረፋ ያዘለ ሳር። ያንን ሁሉ በዓይኑ ይጥለዋል፤ ብርቱካንማ አይደለማ። ከእንግዶቹ አንዷ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ለቅሶዋ ስላስጠላው ራሱን ታዘበ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ካለች በኋላ ቱቦዋን አያት። ከውሃው በላይ ቀጥ ብላ ቆማለች። ሳፋር የጮኸውን ባሶ እስከ ዛሬ አስመስሎ ማውጣት አይችልም። ጀልባዋ በረረች። ቀረብ ሲሉ አንድ ራስ ታየ። ትልቅ ራስ ነው። ሁለተኛ ራስ የለም።

ዮስት ነበር። ካንዱ ጆሮው ደም ይወርዳል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። የሚነፋ ጃኬቱ ከኮራል ጋር ተጋጭቶ ተቀድዷል፤ በላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ጃኬት በማሰሪያ ታስሮለታል፤ የያኒ ነው። ፉጨቷም አብሮ ተንጠልጥሏል። ሳፋር ያንን ጃኬት ሲያይ፣ ልጅቱን ትቶ ልብሷን ያመጣ ሰው ይመስል ዮስትን ሊመታው ቃጣ።

ማርቲኑስ እያስተረጎመ ጠየቁት። ዮስት እየተንቀጠቀጠ ነገራቸው። ውሃው ወደ ጨለማው ሲያወርደው ያኒ ደርሳ ይዛዋለች፣ የራሷን ጃኬት ነፍታ ሁለቱንም አውጥታለች። ላይ ሲደርሱ ጀልባ የለም። እሱ እየሰጠመ ስላስቸገራት ጃኬቷን አልብሳው፣ ሲሊንደሯን ጥላ፣ ብዙ ጊዜ አብራው ተንሳፍፋለች። በኋላ ጀልባዋን በሩቅ አየቻት፤ ወዲያና ወዲህ ስትል። እነሱ እኛን አያዩንም፣ ሄጄ ልጥራቸው አለች።

«አይሆንም አልኳት» አለ ዮስት። «ጠዋት የነገርሽን ይኼ አይደለም ወይ አልኳት። አትዋኙ፣ ጠብቁ ብለሽናል አልኳት።»

«እሷስ ምን አለችህ?» አለ ሳፋር።

ዮስት መልሱን ለማርቲኑስ ነገረው። ማርቲኑስ ግን ወዲያው አላስተረጎመም፤ ሳፋር ትከሻውን ይዞ ወዘወዘው።

«ሳቀችብኝ ነው የሚለው» አለ ማርቲኑስ። «‹እሱ ለእንግዳ ነው› ብላው ሄደች።»

የሳፋር የገዛ ልጁ ያንን ንግግር በየጠዋቱ በአፏ ስትለው ነው የኖረችው። ስትለው የሰማ ሰው ታምንበታለች ይላል። እሱም ቢሆን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ለባጆ ልጅ ይሠራል ብሎ አስቦት አያውቅም። ውሃ ላይ የሚጠብቅ የእኛ ሰው አይቶ አያውቅማ።

ከዚህ የባሰው ግን ባሶ በልቡ ያሰበው፣ ሊናገረውም ያልደፈረው ነገር ነው። ሳፋር ቀድሞ ተናገረው። «ወደኛ ከመጣች» አለ ቀስ ብሎ፣ «ለምን አልደረሰችም?»

ያኒ ከዚያ እጥፍ መንገድ ስትዋኝ ሁሉም አይቷታል። ወደ ጀልባዋ ተነስታ ጀልባዋ ጋ ካልደረሰች የቀረው መልስ አንድ ነው፤ እሱን ደግሞ አባቷ ፊት የሚያነሳ አልተገኘም። ሳፋር ቁጭ አለ። ቁጭ ብሎ የጠፋ ሰው ሲፈልግ ማንም አይቶት አያውቅም። ጀልባዎቹ ዮስት ከተገኘበት ጀምረው በየአቅጣጫው ዞሩ። አሁን የሚፈለገው ብርቱካንማ ቱቦ ሳይሆን ጥቁር ላስቲክ የለበሰች፣ ጥቁር ፀጉሯ የተበተነ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ባህሩ ደግሞ ከፀሐይዋ ጋር እየጠቆረ ሄደ። ሳፋር የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨረሰ፤ ከዚያ የጀመረው ልመና ይሁን ክርክር ራሱም አላወቀውም።

ሬዲዮው የተንጫጫው ፀሐይዋ ውሃውን ልትነካ ስትል ነው። በመብራት ጥቃቅን ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ትልቅ ጀልባ ለማታ ሥራው ወጥቶ በደቡቡ አፍ በኩል ቆሟል። «ሰው አግኝተናል» አለ ድምፁ። «ሴት ናት።» ከዚያ ተቋረጠ።

በሕይወት አለች ወይ ብሎ ባሶ ጮኸ፣ ለመነ፣ ሬዲዮውን በጥፊ መታው። መልስ የለም። እዚያ ድረስ የሄዱበትን መንገድ ሳፋር ዛሬ ብትጠይቀው አያስታውሰውም። አንድ ነገር ብቻ ያስታውሳል፤ ዮስት ያ ረጅም ሰውዬ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ይዞት ነበር፣ እሱም አልነጠቀውም።

በአጥማጆቹ ጀልባ ላይ ያኒ ሽርጥ ተጠቅልላ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የሩዝ ሳህን አለ፤ በእጇ እየጠቀለለች ትበላለች። ባሶ አይቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ማርቲኑስ አማተበ። ሳፋር ተሻግሮ ወጣና ፊቷ ቆመ። የሚያቅፋት መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ለማመን የጣቶቿን ጫፍ ብቻ ነካ። በውሃ ብዛት ተጨማደዋል፣ ይሞቃሉ።

ያኒ አልሳቀችም። አባቷን እንደማያውቁት ሰው ትክ ብላ አየችው።

«አባ፣ አይተኸኝ ነበር» አለችው።

«የት? መቼ?»

«ዮስትን ሳታገኙት በፊት። ቅርብ ደርሼ ነበር እኮ። አንተ ከፊት ቆመሃል፤ ቆብህ ሁሉ ይታየኝ ነበር። ተጣራሁ፣ ሞተሩ በላው። እጄን አነሳሁ። ፊትህን ወደኔ አዞርክና አየኸኝ፣ ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ለባሶ የሆነ ነገር አልከውና ጀልባዋ ዞረች።» ሳህኑን አስቀመጠችው። «ለባሶ ምን ነበር ያልከው?»

ሳፋር ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ከሰዓት ካያቸው ነገሮች ግማሹን አያስታውስም ነበር፤ ይቺ ግን ተመልሳ መጣችበት፣ አጠገቧ ካለው ማዕበል ጋር። በግራ በኩል የነበረች ጥቁር ክብ ነገር፤ ከፍ ዝቅ ትላለች። ከጎኗም ቀጭን ነገር ብቅ ብሎ ነበር፤ ቅርንጫፍ ነው ብሎታል። ብርቱካንማ አልነበረችም። በእጁ ለባሶ እለፍ አለው፤ በአፉም የተናገራት ቃል ነበረች። ባሶም አሁን አስታወሳትና ፊቱን ወደ ባህሩ አዞረ።

መዋሸት ይችል ነበር። ልጁ ግን ዓይኗን አልነቀለችም።

«ኮኮናት ነው አልኩት» አለ።

አጥማጆቹ ሥራቸውን ትተው ቆሙ።

«እኔ እኮ መዋኘት እችል ነበር» አለች ያኒ። ድምጿ ሲሰበር አባቷ ከሕፃንነቷ ወዲህ መስማቱ ነው። «ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ብከተላችሁ እደርስ ነበር። አባ አይቶኛል፣ ዞሮ ይመጣል ብዬ ቆምኩ። ጅረቱ እያራቀኝ እንኳ ቆሜ ጠበቅኩህ።»

ሳፋር ጉልበቱ ላይ ወረደ፣ ግንባሩን በእርጥብ እግሯ ላይ ደፋ፤ አባት ለልጁ እንደዚያ ሲያደርግ በእኛ አገር ታይቶ አይታወቅም። ያኒ እጇን ጭንቅላቱ ላይ ልታሳርፍ አነሳችና ሩዝ እንደነካው አይታ ሽርጧ ላይ ጠረገችው። ከዚያ አሳረፈችው።

ያኒ ዛሬም ጠላቂዎችን ትመራለች፤ ዮስትም በዓመቱ ከነሚስቱ ተመልሶ መጥቶ ጭንቅላቱን በዚያው ጣሪያ ገጭቷል። ሳፋርም ከፊት ጫፍ ላይ ነው። ለውጥ ካለ አንድ ነው፤ ባህሩ ላይ ጥቁር ነገር ካየ ጀልባዋን ያዞራል። እንግዶች ቸኩለውም ቢሆን፣ ዝናብ ቢመጣም፣ ከሩቁ ምን እንደሆነ ሁሉም ቢያየውም አጠገቡ ይሄዳል፣ ጎንበስ ብሎ ይነካዋል። ባሶ ሳይጠየቅ ሞተሩን ያጠፋል። ያኒ ጀልባዋ ላይ ካለች እቃዋን ማስተካከሏን ትታ አባቷ ነክቶ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች።